ለዝቅተኛ መኪና አጭር ራምፕ

ይርጉ ሁዳዴን ከነወጉ ይጾማል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ኤርፖርት፣ መንገደኛ የሚያመላልሱት የሻትል ሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ፒዛ ሲያዞሩ እሱ ሽምብራ ቆሎውን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ቂም ሲሆን ግን ጾም አያውቅም። ምን ያድርግ፣ ቂም ወተት የለው ቅቤ የለው፤ የጾም ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ ሲያላምጠው የኖረው የጳውሎስን ቂም ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የጳውሎስም ሥራ በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። ሁለቱ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርትመንት ተከራይተው አራት ዓመት ከአንድ ድስት በልተዋል። ይርጉን ጉንፋን ሲጥለው ሾርባ የሚሠራለት ጳውሎስ፤ ጳውሎስን መኪና ያለማመደው ይርጉ። ወንድማማች በላቸው። ይርጉ ዕፀገነትን ሲወድ መጀመሪያ የነገረውም ለጳውሎስ ነው።

ዕፀገነት ጥርስ ክሊኒክ ትሠራለች። ነገር ማለባበስ የማትወድ፣ የመጣላትን ፊት ለፊት የምትናገር ልጅ ናት። ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት፣ ወደዚህም አገር ያመጧት አጎቷ ጋሼ እንግዳ ናቸው። ይርጉም አሜሪካ ነው ብሎ ወጉን አልዘለለም፤ ጋርላንድ ወዳለው ቤታቸው ሽማግሌ ላከ።

ወጉ ደግሞ ሌላም ጎን አለው። ሽማግሌ የተላከበት ቤት ዘሎ እሺ አይልም፤ ልጁን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ በጎን ይጠይቃል። ይጠጣል? ይማታል? ሥራው ላይ እንዴት ነው? ጋሼ እንግዳ ማንን ይጠይቁ? አብሮት የሚኖረውን ጳውሎስን አስጠሩት።

ታዲያ ጳውሎስ ምን ቢል ጥሩ ነው? የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ሁሉ አሳምሮ መለሰ። አንዱ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄን እኔ ባልናገር ይሻላል፤ ወንድሜ ነው» አለ። አለቀ በቃ! ሰካራም ነው ቢል ኖሮ ይጣራ ነበር። አገር ቤት ልጅ አለው ቢልም ይጣራ ነበር። «ባልናገር ይሻላል» በምን ይጣራል? ሰሚው እንደሆነ የፈራውን ሁሉ ይሞላበታል። በሳምንቱ ለሽማግሌዎቹ «ልጃችን ገና ትምህርት ላይ ናት» የሚል መልስ መጣላቸው። ዕፀገነት ትምህርቷን ከጨረሰች ቆይታ ነበር።

ይሄን ሁሉ ለይርጉ የነገሩት የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ከፍያለው ናቸው። ጥያቄው ምን እንደነበር እሳቸውም አልሰሙም፤ የሰሙት መልሱን ብቻ ነው። ይርጉ ቤት ገብቶ ጳውሎስን ወጥ ቤት ውስጥ አፋጠጠው።

«ምን ብለህ ነው የገደልከኝ?»

«ምንም አላልኩም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ለምን ምንም አላልክም?»

ጳውሎስ እንደገና አንገቱን ደፋ። ይርጉን ያቃጠለው ይሄ ነው። ቢሰድበው ይከሰው ነበር፣ ቢዋሽበት ሰው ሰብስቦ ያዋርደው ነበር፤ ዝም ያለን ሰው ምን ብለህ ትከሰዋለህ? ጥርሱን ነክሶ ዕቃውን ጫነና ሜስኪት ከተማ ሄዶ ቤት ተከራየ። በኋላ የንስሐ አባታቸው ሁለቱንም ጠርተው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አባባሏቸው። ጳውሎስ ከልቡ አለ። ይርጉ በከንፈሩ አለ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የተባለው ለእሱ ዓይነቱ ነው።

ዕፀገነት ግን አልተወችውም። «ጋሼ አባቴ ናቸው፤ ያለ ምርቃታቸው ከቤታቸው አልወጣም» አለችው። «እሳቸው እሺ ይበሉ እንጂ እኔ የትም አልሄድም።» ዘንድሮ ደግሞ ጋሽ ከፍያለው እንደገና ሊሞክሩ ቃል ገብተዋል፤ ፋሲካ ይለፍና በዳግም ትንሣኤ ሽማግሌው ይመለሳል። የይርጉ ተስፋ ሁሉ እዚያች እሑድ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህኛው ዙር አንድ ሰው እንኳ አንገቱን ከደፋበት ዕፀገነት ቀረች ማለት ነው።

ይርጉ መኪና ይወዳል። ሆንዳውን በገዛ እጁ ዝቅ አድርጓት መሬት ልትስም ምንም አልቀራትም። እንዲህ ያለች መኪና ዘይቷን ልቀይር ብለህ ክሪክ ብታመጣ እንኳ ከሥሯ አይገባልህም። ስለዚህ ራምፕ ያስፈልጋል፤ የፊት ጎማዎቹ ሽቅብ ይወጡበትና አንተ ከሆዷ ሥር ትተኛለህ። ራምፕ ሁሉ ግን ለመኪና ሁሉ አይሆንም። አጭሩ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዝቅተኛ መኪና ሲጠጋው ጎማው ከመድረሱ በፊት አፍንጫው ይደርሳል። ረጅሙ ዳገቱ ለስለስ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ የሚነካው ጎማው ነው። ይርጉ ይሄን የተማረው የራሱን ባምፐር፣ የፊት መከላከያውን፣ ገንጥሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝቅ ያለ መኪና የገዛ ሀበሻ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል፤ እሱም ተንበርክኮ ከመሬት እስከ አፍንጫዋ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጎማዋ ይለካና፣ «ርዝመቱ ይሄን ያህል፣ ደግሞ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ላስቲክ ያለው» ብሎ ይመርጥለታል። ምርቃት ይበቃዋል።

የጾሙ አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ደጁ ላይ የሆንዳዋን ጎማ ሲፈታ፣ ኮርቬት የምትባል ቀይ አሮጌ የስፖርት መኪና እያጉረመረመች መጥታ አጠገቡ ፓርክ አደረገች። ከውስጥ ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ጳውሎስ!

«እንዴት ነህ ወንድሜ!» ብሎ ትከሻ ሊገጥም ተጠጋ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ይርጉ እጄ ግሪስ ነው ብሎ ክንዱን ብቻ ዘረጋለት።

«ገዛኋት በቃ፤ ስመኛት ኖሬ። እንዴት ናት?»

«ቆንጆ ናት» አለ ይርጉ፤ ቆንጆም ነበረች። አፍንጫዋ ከፊት ጎማዋ በጣም ቀድሞ ወጥቶ መሬት ላይ ተደፍቷል።

«ሶ፣ ዘይቷን ራሴ ልቀይር ብዬ ነው። አፓርትመንቱ ፓርኪንግ ላይ መኪና መሥራት ክልክል ነው፣ ታውቃለህ። የሰው ጋራዥ አግኝቻለሁ፤ ወለሉ ቀለም ተቀብቶ መስታወት ነው የሚመስለው። የቀረኝ ራምፕ ብቻ ነው።» ስልኩን አውጥቶ አሳየው። «ይሄ ሴል ላይ ነው፣ ዋጋው ወርዷል። ማለቴ፣ አጠር ያለ ነው፤ ግን ክብደቷን ይችላል አይደል?»

ይርጉ አየው። አጭር፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ዳገቱ ግድግዳ። መለኪያ ማውጣት እንኳ አላስፈለገውም። የኮርቬቷ አፍንጫ ራምፑን ቀድሞ ይገጨዋል፤ ራምፑም በዚያ መስታወት ወለል ላይ ወደ ፊት ይሸሻል። ጳውሎስ ምን እንደሆነ አይገባውም፤ አልወጣ አለኝ ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ያኔ አፍንጫዋ እንክት ይላል።

«ክብደቷን ይችላል» አለ ይርጉ። ውሸት አልነበረም።

«ረጅሙም ነበር፤ ግን ቦታ ይይዛል። የቱ ይሻለኛል ትላለህ?»

ይሄኔ ይርጉ የጎማ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። ጨርቅ አነሳና ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርግ ጀመር። አየህ፣ ሰው ሲጠየቅ! የሌላ ሰው ነገር በእጅህ ገብቶ፣ አንዲት ቃል ካንተ ስትጠበቅ! ጳውሎስ ያን ቀን ጋሼ እንግዳ ሳሎን ውስጥ የተሰማው ይሄ ይሆን? እንዴት ነው ደስ የሚለው! ይርጉ አልቸኮለም። ሁለት ዓመት የጠበቃትን ነገር ለምን ይቸኩልባታል?

«እኔ እንጃ» አለ በመጨረሻ። «አንተ ታውቃለህ።»

«ኧረ ባክህ!» ጳውሎስ ሳቀ። «አንተ ካላወቅክ ማን ሊያውቅ ነው? ልግዛው?»

ይርጉ ዝም አለ። የሆንዳዋን ጎማ አየ፣ ሰማዩን አየ፣ የጎረቤቱን ሣር አየ።

«ኦኬ፣ ካልተቃወምክ ጥሩ ነው ማለት ነው» አለ ጳውሎስ፣ እያመነታ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው የምሠራው። ሌላም ወሬ ነበረኝ፤ ጥሩ ወሬ ነው። ጋራዡ የማን መሰለህ…»

«ሥራ ላይ ነኝ ጳውሎስ። ሌላ ቀን ታወራኛለህ።»

ጳውሎስ «እሺ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። ማመስገኑ ነው እኮ! ይርጉ ኮርቬቷ ከመንገዱ እስክትታጠፍ አያትና ለብቻው ሳቀ። «ሂድ! ሂድና ግዛው! ይውጣልህ!» በሁዳዴ፣ በጾም ምድር፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ያ ሳምንት ለይርጉ የሠርግ ሳምንት ነበር። ሻትሉን እየነዳ በአንዱ ተርሚናልና በሌላው መካከል ያፏጫል። አፍንጫዋ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ በጆሮው ይሰማዋል፤ ጳውሎስ ወርዶ ጭንቅላቱን ሲይዝ ይታየዋል። «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ ሲመጣ የሚሰጠውንም መልስ አሰናድቷል፤ «ባልናገር ይሻላል ብዬ» ሊለው ነው! ይቺን መልስ መስታወት ፊት ሳይቀር ለማመዳት። አንዴ ቆጣ ብሎ፣ አንዴ ፈገግ ብሎ ሞከራትና ፈገግ ያለው ይሻላል አለ። ኃጢአት ነው እንዳትለው፣ አንድም ቃል አልዋሸም። ዝም ማለት ኃጢአት ከሆነ ያስተማረው ይጠየቅ!

ሐሙስ ዕለት ከዕፀገነት ጋር ምሳ በሉ። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ጋሼ እየለዘቡ ነው» አለችው። «ስምህ ሲነሳ ድሮ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ትናንት ራሳቸው አነሱህ። ምን እንደተፈጠረ አላውቅም፣ ብቻ አንድ ሰው ያናገራቸው ይመስለኛል።»

«ማን?»

«አልነገሩኝም። አንተ ብቻ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ጨዋ ሁን!» ብላ ሳቀችበት።

ያን ቀን ወደ ሥራ ሲመለስ ልቡ ራራ። ሰው ደስ ሲለው ይራራል። ስልኩን አውጥቶ ለጳውሎስ «ረጅሙን ግዛ» ብሎ ጻፈ። ጣቱ መላኪያው ላይ ቆመች። ያኔ ያ የተደፋ አንገት መጣበት፤ ያ ዝምታ፣ ያ «ወንድሜ ነው»። ወንድሙ ከሆነ ለምን ዝም አለበት! ደሙ ፈላና የጻፈውን ፊደል በፊደል አጠፋው። ባምፐር ነው፤ ባምፐር ይሠራል። ልብ ሲሰበር ማን ሠራለት?

ቅዳሜ ከቤት አልወጣም። ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ ሽሮውን በላ፣ እንደገና ሻይ አፈላ፣ ተጋደመ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ጳውሎስ ነው ብሎ ያቺን ፈገግታውን አዘጋጅቶ ቢያነሳ ጋሽ ከፍያለው ናቸው።

«ይርጉ፣ የት ነህ? ጋሼ እንግዳ ሆስፒታል ገቡ። እግራቸው ተሰበረ!»

«እንዴ! ምን ሆነው?»

«የጳውሎስ ነገር! ያቺን መኪናውን እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ልሥራ ብሎ… ራምፕ ነው ምንድነው የምትሉት እሱ ላይ ሊያወጣት፣ ራምፑ ተስፈንጥሮ እግራቸውን መታቸው።»

ይርጉ የያዘውን ብርጭቆ እንዴት እንዳስቀመጠው አያውቅም። «እሳቸው እዚያ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ጮኸ። ጮኾም በማን ላይ እንደጮኸ አላወቀም።

ምን ያደርጋሉ? ሀበሻ ናቸው እኮ! መኪና ሲንቀሳቀስ ያየ ሀበሻ መቼ ተቀምጦ ያያል? ከፊቱ ቆሞ ካላስቆመ፣ ካላስጠመዘዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ጋሼ እንግዳም ከዲፕ ፍሪዘራቸውና ከራምፑ መካከል ቆመው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ «ና! ና! ትንሽ ስበር… አቅና… ና!» ሲሉ ነበር። የኮርቬቷ አፍንጫ ራምፑን ገፋው። አልወጣ ስትለው ጳውሎስ ነዳጅ ጨመረ። «ና!» ያሉት ሰው «ወይኔ!» ሲሉ ሰማና ፍሬን ያዘ፤ ራምፑ ግን በዚያ መስታወት ወለል ላይ ተንሸራቶ ቅልጥማቸውን ከፍሪዘሩ ጋር አጣብቆታል። ይርጉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያልመው የሰነበተው ነገር አንድም ሳይጎድል ደረሰ። ባምፐሯ ብቻ አልተሰበረም።

ኦፕሬሽን ተደርገው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ይርጉ ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቃቸው ሄደ። ሦስት ጊዜ መኪናውን አስነስቶ ሦስት ጊዜ አጥፍቷታል። መሄዱ ጭንቅ፣ አለመሄዱ ደግሞ የባሰ ነውር። በሩን ዕፀገነት ከፈተችለት። እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች። ሰላም አለችውና ዓይኑን ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችው።

ጋሼ እንግዳ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው በጄሶ የታሰረ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለዋል። ጳውሎስ ፂሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አጠገባቸው ተንበርክኮ ትራሱን ያስተካክላል።

«እግዜር ይማርዎት ጋሼ» አለ ይርጉ ዝቅ ብሎ።

«አሜን፣ ተቀመጥ ልጄ። አጥንት ነው፣ ይጠገናል። ይሄን ልጅ ግን እስቲ ምከርልኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልቀመሰም።»

«የኔ ጥፋት ነው» አለ ጳውሎስ፣ ቀና ሳይል። «ይርጉ ነግሮኝ ነበር። ረጅሙን ግዛ ብሎኝ ነበር፤ ሴል አይቼ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

ይርጉ ጳውሎስን አየው። ጳውሎስ አላየውም። ነገሩ ገብቶታል፤ ያን ቀን ደጁ ላይ የነበረችው ዝምታ ምን እንደነበረች ሳይገባው አልቀረም። ገብቶት ነው የሚሸፍነው! ይሄን ጊዜ አንዲት ቃል ከይርጉ ትጠበቅ ነበር። ይርጉ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲህ አንተም ካለህበት ልናገረው» አሉ ጋሼ እንግዳ። «ያን ጊዜ ሽማግሌህን የመለስኩት ወድጄ አልነበረም። ይሄን ልጅ ጠይቄው ነበር። ይጠጣል? አልኩት፤ አይጠጣም አለኝ። ሥራውን ያከብራል? በጣም አለኝ። ቂም ይይዛል ወይ? ስለው አንገቱን ደፋ። ብሠራው ባፈርሰው ሌላ ትርጉም አልመጣልኝ አለ። ዴንተን ከተማ ያለውን ታላቅ ወንድምህን ስንት ዘመን አላነጋገርከውም አሉ። ቂመኛ ሰው ትዳር ውስጥ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ የዕፀገነት እናት በባሏ ቂም ስትቃጠል ያየሁ ነኝ። ለልጄ ፈራሁ።»

ይርጉ የወንድሙ ስም ባይጠራም ጆሮው ጋለ።

«ታዲያ በዚህ ጾም ጳውሎስ ራሱ መጣ። ጋሼ፣ ይርጉ ታርቆኛል፤ ቂሙን ጥሏል። መኪና ስገዛ ሄጄ የማማክረውም እሱን ነው፤ ራሴን አሳልፌ ብሰጠው አልፈራም አለኝ። ያን ያህል የሚመሰክርልህ ሰው ካለ እኔ ማነኝ? ላክ ሽማግሌህን። ለዳግም ትንሣኤ ይምጡ። እግሬን እንደዘረጋሁ እቀበላቸዋለሁ።»

«እሰይ!» አለ ጳውሎስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ ብሎ። ይርጉ ተነሳ፤ ጎንበስ ብሎ የጋሼ እንግዳን ደህናውን ጉልበት ሳመ። ያገኘው የለመነውን ነው፤ ደስታው የት እንደገባ ግን እንጃ።

ዕፀገነት እልል አላለችም። በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ይርጉ፣ አንዴ ጋራዥ ና» አለችው።

ጋራዡ ውስጥ ኮርቬቷ የለችም፤ ጳውሎስ መልሶ ሊሸጣት ወስዷታል። ፍሪዘሩ ጎኑ ሰርጉዷል። ጥቁሮቹ አጫጭር ራምፖች ግድግዳው ሥር ተደራርበዋል። ዕፀገነት አንዱን በእግሯ ነካ ስታደርገው ወለሉ ላይ ሸርተት ብሎ ሄደ።

«ጳውሎስ ውሸት አይችልበትም» አለች። «ረጅሙን ግዛ ብትለው ኖሮ ሁለት ይገዛ ነበር። እውነቱን ንገረኝ፤ ምን አልከው?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ጳውሎስ መንገዱን ጠርጎለታል። ግን ዓይኗ ላይ ዓይኑን ማሳረፍ አቅቶት ወለሉን እያየ፣ «አንተ ታውቃለህ አልኩት» አለ።

«እንደሚንሸራተት ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እያወቅክ ዝም አልክ?»

«ባምፐሩ እንዲሰበርበት ነው እንጂ… እናቴን! ዕፄ፣ እኔ ሰው እንዲጎዳ አልፈለግኩም። ጋሼ እዚያ እንደሚቆሙ ባውቅ ኖሮ…»

«ሌላ ሰው ቢሆን ግድ የለም ነበር?»

ይርጉ የተጠራቀመው ሁሉ ገነፈለበት። «ሁለት ዓመት ነው ያቃጠለኝ! በሱ ዝምታ አይደለም ሁለት ዓመት እንደ ሌባ ተደብቀን ምሳ የምንበላው? አንቺን አይደለም የቀማኝ? እኔ ሰው አይደለሁም? አንጀቴ አይቃጠልም?»

«የኔስ?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔም አብሬህ ተቃጥያለሁ። ጋሼ ቂመኛ ነው እያሉ ሲሟገቱኝ፣ አይደለም፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ተበድሎ እንኳ ታርቋል እያልኩ ነው ሁለት ዓመት የተሟገትኳቸው። ምን ብለው እንደከሰሱህ እንዳትሰማ፣ እንዳይከፋህ ብዬ ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቄሃለሁ። እሳቸውን አሸነፍኳቸው፣ ይርጉ። አሸንፌያቸው ነበር።»

እንባዋ መጣ፤ በእጇ መዳፍ ጠረገችው። ይርጉ ሊጠጋ ሲል ወደ ኋላ አለች።

«ይቅር በይኝ ዕፄ። በእመቤቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ለጋሼም አልናገርም፤ ሕመም ላይ ናቸው። ቂም አልይዝብህም» አለችው። «አላገባህም ብቻ። ሽማግሌዎቹን አንተው አስቀራቸው።»

በሩን ክፍት ትታ ገባች። ከሳሎን የጋሼ እንግዳ ሳቅ ይሰማል፤ ጳውሎስ ጋሽ ከፍያለውን ኮል አድርጎ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቶላቸዋል። ጋሽ ከፍያለው እልልታ ቀረሽ በሆነ ድምፅ፣ «ተመስገን! ታዲያ ስንት ሰው ሆነን እንምጣ? ይርጉ! ኧረ ይርጉ የት ሄደ?» ይላሉ። ይርጉ ፍሪዘሩን ተደግፎ ቆመ፤ ሲጠሩት እየሰማ ድምፁን ማውጣት አቃተው።